ሞልቷል

ባሌ ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ነድቷል። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሳበው!» ካላለው ንቅንቅ አይልም ነበር። መኪናው ተገልብጦ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ ግን ከወገቡ በታች አይሰማውም፤ ሽንቱ መቼ እንደሚመጣም አያውቅም።

ሐኪሞቹ ለጥናት ብለው ፊኛው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሴንሰር አስቀመጡለት። ፊኛው ሲሞላ ስልኬ ይጮህና «ሞልቷል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ እኔ በቱቦ አስወጣለታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ጮክ ብዬ ሳነብለት፣ «ታዲያ ‹ሳበው› አትይም?» አለኝ። ከአደጋው በኋላ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ ስልኬ ዝም አለ። ሆስፒታል ስደውል አንዲት ነርስ ጥናቱ አልቋል አለችኝ።

«ውስጡ ያለችውስ?»

«እሷ ትቀመጥ፣ አትጎዳውም። መልእክት ግን ከእንግዲህ አይመጣም።»

«እህቴ፣ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይጣላል?» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። እሷስ ምን ታድርግ።

ዛሬ ሦስተኛውን አንሶላ ስቀይርለት ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ስጨርስ፣ «አሁንስ ሞልቶ ይሆን?» አለኝ።

እጄን ሆዱ ላይ አሳረፍኩ። እጄ ምን ያውቃል?

«እኔ እንጃ፣ የኔ ጌታ።»

ወደ እኔ ዞረ።

«ረዳቱም ጥሎን ወረደ በይኛ!»

እንድስቅለት ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔ እርጥቡን አንሶላ አቅፌ ወጣሁ።