የሦስት ሺህ ዎን ብዕር

ኦክ ፒልሬ ሰው ለመናቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። ዶግዮም የሚባለውን ሠዓሊ ለመናቅማ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሲከፍት ማየት በቃት። አሥራ አንድ የታብሌት ብዕሮች ለስላሳ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ከጎናቸው የብዕር ጫፎች በየትንንሽ ዕቃቸው ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ጠንካራው ለብቻ፣ ለስላሳው ለብቻ። ይህን ሁሉ የሰበሰበው የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ወታደር ቤት ደርሶ የመጣ።

ፒልሬ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የሥዕል መጽሐፍ በወረቀት በሚታተምበት ዘመን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሌሎች በእርሳስ የነደፉትን በቀለም ስታጠቁር ኖራለች። የወረቀቱ ገበያ ሲሞት በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ወደሚሸጥበት የእህቷ ኪምባፕ ቤት ገባች፤ ዘጠኝ ዓመት ሩዝ ጠቀለለች። እህቷ በየቀኑ «ሩዙን አታሳርሪው» ትላታለች፣ በየቀኑ ፒልሬ ጥርሷን ነክሳ ትጠቀልላለች። አሁን ታክ ጂኑ የሚባል የሠላሳ ሦስት ዓመት አለቃ ቡቾን በምትባለው የኮሪያ ከተማ ባለው ስቱዲዮው በስልክ የሚነበብ የድሮ ቤተ መንግሥት የሥዕል ታሪክ ሊያወጣ ነው። መስመር የሚያወጣ አንድ ሰው ይፈልጋል። በልጅነቱ የፒልሬን መጻሕፍት ሲያነብ ስላደገ ለሁለት ሳምንት ሙከራ ጠራት። ወንበሩ አንድ ነው፤ ተፈታኞቹ እሷና ዶግዮም። ከተሸነፈች የሚጠብቃት ሩዙ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዶግዮም ጎንበስ ብሎ፣ «መምህር፣ ብዕር መርጠዋል?» አላት።

«ብዕር ብዕር ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ይለያያል። ታብሌቱ የሚያውቀው ብዕር አለ፣ የማያውቀው አለ። የሚያውቀውን ጫን ሲያደርጉት መስመሩ ይወፍራል፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ይቀጥናል። ክብደቱም ከእጅዎ ጋር መስማማት አለበት። ጫፉ ደግሞ መስታወቱ ላይ ከሚለጠፈው ፕላስቲክ ጋር…»

«አንተ ልጅ፣ ልታገባት ነው ወይስ ልትስልባት?»

ቀለም የምትቀባው ቻሪም ሳቋን በመዳፏ አፈነች። የዶግዮም ጆሮ ቀላ።

«ለመሆኑ የያዝካትን ለመምረጥ ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ሦስት ሳምንት» አለ፣ እውነቱን።

«በሦስት ሳምንት እኔ ሁለት መጽሐፍ ጨርሼ አስረክብ ነበር። ሰነፍ አናጺ መጋዙን ይሰድባል ሲባል አልሰማህም?»

በምሳ ሰዓት ወጥታ ሁሉ ነገር በርካሽ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ከጥፍር መቁረጫና ከጫማ ማንኪያ መሀል የተሰቀለ ጫፉ ጎማ የሆነ ብዕር በሦስት ሺህ ዎን ገዛች። ተመልሳ ለሁሉም አሳየች። ዶግዮም አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ታላቅን ሰው ፊት አንዴ ማረም ምክር ነው፤ ሁለተኛው ብልግና ይሆናል። እናቱ ያሳደገችው ልጅ እንዲህ አያደርግም።

ፒልሬ ተቀምጣ መሳል ጀመረች። የድሮ መምህሯ እንዳስተማሯት ክንዷን አየር ላይ ታንሳፍፋለች፣ መዳፏ ገጹን አይነካም። እጇ አልረሳም። መስመሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ ቅንድቡም ክር፣ እጅጌውም ክር። ከጎኗ የተቀመጠውን ዶግዮምን ጠራችው።

«ይኼ መስመር ምነው እንዲህ በድን ሆነ?»

ዶግዮም ብዕሯን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ቻሪምን አየ። «እሱ… ማጠናቀቂያው ላይ ነው የሚስተካከለው፣ መምህር። አያስቡ።»

በማግሥቱ ጠዋት ገጹን ስትከፍት ነፍስ ዘርቶ አገኘችው። ቅንድቡ ወፍሮ ይነሣና ፀጉር አክሎ ያልቃል። የእጅጌው እጥፋት ይተነፍሳል። ፒልሬ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ደስታዋ ደረቷን ሞላው። ዘጠኝ ዓመት ሩዝ ጠቅልላም እጇ ያው እጇ ነው።

«አየህ?» አለችው። «ማሽኑ ራሱ ያስተካክለው የለ እንዴ። ምስኪን፣ ደሞዝህን ሁሉ ለእነዚህ እንጨቶች ገበርክ።»

«ልክ ነዎት፣ መምህር።»

ከዚያ ወዲያ አላስቀመጠችውም። ስሙን ትታ «ሙሽራው» ትለዋለች። የብዕሩን ጫፍ ሲቀይር «ጥፍሯን ልትሠራላት ነው?» ትለዋለች። መስታወቱ ላይ አዲስ ፕላስቲክ ሲለጥፍ «ብርድ ይመታታል፣ ደርብላት» ትለዋለች። ራምዮን የሚባለውን የፓስታ ሾርባ ሲበሉ ዓይኑ ቀልቶ ሲያዛጋ ስታገኘው ደግሞ፣ ብዕር ሲመርጥ አድሮ ነው ብላ ለቻሪም አወራች። ቻሪም የመጀመሪያ ቀን ሳቀች። በኋላ ግን መሳቅ ተወች፤ ፒልሬም ልጅቷን ቀልድ አይገባትም ብላ እሷንም ናቀቻት።

በዘጠነኛው ቀን ዶግዮም አልመጣም። የተጠባባቂ ጦር ልምምድ ነበረበት፤ ተጠርቶ መቅረት የለም፣ ስልክም እዚያ ይሰበሰባል። አለቃው የንግሥቲቱን ፊት ለቀትር ይፈልገዋል። ፒልሬ ሳለችው። ክር ነው። ምንም አልመሰላትም፤ ማጠናቀቂያውን ራሷ ልትነካው አሰበች።

«ቻሪም፣ ማጠናቀቂያው የቱ ጋ ነው?»

«የምን ማጠናቀቂያ?»

«መስመሩን ነፍስ የሚሰጠው ነዋ።»

ቻሪም እጇን ከሥራዋ አነሣች። «መምህር፣ እንደሱ ያለ ነገር እኮ የለም።»

«በየቀኑ ሲስተካከል አይደል እንዴ የማየው?»

«ዶግዮም ነው።» ልጅቷ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። «እርስዎ ሲሄዱ ይቀመጥና በላዩ ይስለዋል። ያ ብዕር ግፊት አይሰማም፤ ለታብሌቱ ከጣት አይለይም። እንዳልነግርዎ አስምሎኛል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ፒልሬ ወደ ታብሌቱ ዞረች። ያቃጠላት መታረሟ አይደለም፤ ዕድሜዋን በሙሉ የታረመች ሴት ናት። ያቃጠላት ስምንት ጠዋት ሙሉ የሰው መስመር እያየች «የኔ ነው» ማለቷ ነው። ድሮ አምስት ቀለም አጥቋሪዎች ባንድ ክፍል ሲሠሩ፣ የአንዲት ነጠላ ፀጉር ጫፍ አይታ የማን እጅ እንደሆነ የምትናገር እሷ ነበረች። ወይ ዓይኗ ሞቷል፣ ወይ ትዕቢቷ ዓይኗን በልቶታል። የትላንቱን ገጽ ከፈተች። ያ ቅንድብ እሷ ታወጣው ከነበረው ይሻላል፤ ይሻላል፣ ምን ይደረግ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንደሷ ዓይነቷ ነው። አፈረች፤ እፍረቱም ጆሮዋን አጋለው።

ወደ ንግሥቲቱ ገጽ ስትመለስ ታክ ጂኑ ገባ። ከትከሻዋ በላይ ሆኖ የንግሥቲቱን ፊት አየና ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ይኼ የዶግዮም እጅ ነው፤ ማታ ነካክቶት ሄዷል። ሥራዎን እንዳይነካ ነግሬው ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለነገሩ ወስኛለሁ፣ መምህር። ወንበሩ የእርስዎ ነው። እሱን ከነገ ጀምሮ አሰናብተዋለሁ።»

መጽሐፎቿን እያነበብኩ አደግኩ የሚለው ሰው ይህ ነው። በድኑን ከሕያው ይለያል፤ የማን እንደሆነ ግን በዕድሜ ይፈርዳል። ፒልሬ ይህንንም ናቀች። ዝም ብትል ግን ነገሩ አለቀ። በእሷ ዕድሜ ዝምታ ያስከብራል፤ ዶግዮምም መቼም አይናገር። ሩዙ ትዝ አላት፣ የእህቷም ድምፅ።

«የኔ ነው» አለች።

ታክ ጂኑ ፈገግ አለ። «ለታናሽ መሸፈን የታላቅ ወግ ነው።»

«አልሸፈንኩም። ሲያመሰግኑ የከረሙት ሁሉ የእሱ ነው። የኔ ይኼ ክር ነው።»

«ትሕትናዎ…» ብሎ ጎንበስ አለላት።

ፒልሬ ደሟ ፈላ። ፀጉር ከሸበተ በኋላ እውነት መናገርም አይቻልም፤ ትሕትና ይሉታል። የጎማ ጫፏን ብዕር አነሣች፣ አዲስ ገጽ ከፈተች፣ ክንዷን አየር ላይ አንሳፈፈች። አለቃው ፊት፣ ቻሪም ፊት፣ አንድ ቅንድብ ሳለች። ከዚያ እጅጌ። ከዚያ የእጅጌውን እጥፋት። ሁሉም ክር ሆኖ ወጣ፣ ሁሉም አየው።

ታክ ጂኑ መስኮቱን ተመለከተ።

«ዛሬ ብርሃኑ ትንሽ ደከም ብሏል» አለ።

«ብርሃኑ ምንም አልሆነም። ወንበሩ የልጁ ነው። እኔን ነገ ከሰዓት ማሰናበት ይችላሉ፤ እስከዚያ የምሠራው ሥራ አለኝ።»

አለቃው ጫማውን እያየ ወጣ።

በማግሥቱ ዶግዮም ሲመጣ ቻሪም ሁሉን ነግራው ኖሮ፣ ከበሩ ጀምሮ እየጎነበሰ ነው። የፒልሬ ቦርሳ ከወንበሩ ተነሥቶ ከእሱ ጠረጴዛ ጎን ካለች በርጩማ ሥር ተቀምጧል።

«መምህር፣ ክብርዎን ላለመንካት ብዬ…»

«ክብሬን የበላኸው አንተ ነህ። በሁለተኛው ቀን ብዕርሽ ቆሻሻ ነው ብትለኝ ኖሮ ተቆጥቼ፣ ሰድቤህ፣ ሄጄ ሌላ እገዛ ነበር። ስምንት ቀን አጃጃልከኝ። በይሉኝታህ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አላደርግም። መሳቢያህን ክፈት።»

ከፈተ። ፒልሬ አሥራ አንዱን እንጨት በዓይኗ ቆጠረች። አሁንም ትንቃቸዋለች፤ ያለ እነሱ ግን አይሆንላትም።

«እኔ እስላለሁ፣ አንተ ትናገራለህ። በድን ከሆነ በድን ነው በል። አንዲት የማባበያ ቃል ከአፍህ ብትወጣ በዚሁ ብዕር ነው የምልህ።»

የመጀመሪያውን አንሥታ ክንዷን አንሳፈፈች፣ ቅንድብ አወጣች፣ ዘወር ብላም ዶግዮምን አየችው። ቻሪም ሥራዋን አቁማ አንገቷን አስግጋለች።

«መምህር፣ ትንሽ…» አለ ዶግዮም።

«ትንሽ ምን?»

«በድን ነው» አለ። «እጅዎ አየር ላይ ስለሆነ አይጫንም። ይኼኛው ከባድ እጅ ነው የሚፈልገው።»

በሕይወቱ ታላቁን እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ፒልሬ ብዕሩን ወደ ጎን ወረወረችና ሁለተኛውን አነሣች።