«ደህና ነኝ» ብለዋል

ኮሮና የኮሪያዋ ዴጉ ከተማ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሚራን አባቷን መኝታ ቤት ዘግታባቸው፣ የበሩን ስር በፎጣ ወትፋ፣ ሳሎን ተቀምጣ ፊልም ታያለች። አባቷ ፓንሱልም ከግድግዳው ወዲያ በራሳቸው ቴሌቪዥን ያንኑ ያያሉ። ዕድሜያቸውን በክር ማቅለሚያ ፋብሪካ የፈጁት ሽማግሌ ፊልም ካልሰደቡ አይጥማቸውም፤ ሲሳደቡ ከተሰማ ደግሞ ትንፋሽ አላቸው ማለት ነው። በሽታው እንዳለባቸው ከተነገራቸው አምስት ቀን ሆኗል። የሆስፒታል አልጋ ግን የለም፤ ወረፋ ሲጠብቁ ቤታቸው የሞቱ አሉ።

ፊልሙ ውስጥ ግድቡ ፈርሶ ጎርፉ ዋና ከተማዋ ሶል እየገባ ነው።

«ያ ወፍራሙ አሁን ይሞታል» አሉ ፓንሱል፣ ሳላቸው ጋብ ሲልላቸው።

«በምን አወቁ፣ አባባ?»

«‹እናንተ ቅደሙ፣ እከተላለሁ› አለ። እንዲህ ያለ ሰው ተከትሎ አያውቅም።»

እውነትም ጎርፉ ወሰደው። ወዲያው የሽማግሌው ስልክ ጮኸ፤ አልጋ ከሚያድለው የጤና ቢሮ ነው። ሚራን የፊልሙን ድምፅ አጥፍታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንግዳ በሚቀበሉበት ድምፅ ጀመሩ።

«አዎን፣ ነኝ… ኧረ ደህና ነኝ!… ትንፋሽ? እሱ የእርጅና ነው። ድካሙስ የእናንተ፣ የኔ ልጅ።»

ሚራን በሩን ደበደበች። «እውነቱን ይንገሯት! ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቅቶዎት!»

«ዝም በይ፣ ሰው እያናገርኩ ነው!» ወደ ስልኩ ዞረው ደግሞ፣ «ልጄ ናት። ትጮሃለች እንጂ ክፋት የላትም» አሉና ዘጉት።

ሚራን ወደ ጤና ቢሮው መልሳ ደወለች። መስመር ተይዟል። ደጋግማ፣ ደጋግማ ስትደውል አንዲት ድምፅዋ የሰለለ ልጅ አነሳች።

«አባትዎ ደህና ነኝ ብለዋል፤ ቀላል ሕመምተኛ ተብለው ተመዝግበዋል። የነበረችውን አንዲት አልጋ ለቀጣዩ ሰጠን።»

«የሰባ ስምንት ዓመት ሰው እኮ ናቸው! አያትሽን ደህና ነዎት ወይ ብትያቸው ምን ይሉሻል?»

«ደህና ነኝ ነዋ» አለች ልጅቷ። «ከወረፋው ፊት አስገባቸዋለሁ። ግን ከነገ በፊት አልጋ የለም።»

ሚራን ጭንብሏን አጥብቃ በሩን ከፈተች። የአባቷ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ጎንበስ ብላ፣ ቀና እንዲሉ ብብታቸው ስር ገብታ ልትደግፋቸው ሞከረች።

«ዞር በይልኝ፣ ቴሌቪዥኑን ከለልሽኝ» አሏት።

ዓይናቸው ግን ተጨፍኗል።