የተመደበ ተቃውሞ

መምህሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበር። ስድስት ዓመት ጊዜያዊ መሆን ራሱን የቻለ ቋሚነት ነው ብለው የሚያጽናኑት ባልደረቦች አልጠፉም፤ እነሱ ግን ሁሉም ቋሚዎች ናቸው። አማቱ እቤት ውስጥ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። በር ሲንኳኳ "ጊዜያዊው ነው እንዴ?" ይላሉ። ልጃቸውን የዳሩት ለቋሚ ሰው መስሏቸው ነበርና ቂሙ እስከ ዛሬ አልወጣላቸውም።

የተማረው ጂኦግራፊ ነው። የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ስላልሞላለት ግን ርዕሰ መምህሯ አንድ ቀን ቢሮ አስጠርታ "ሂሳዊ አስተሳሰብ" የሚባል አዲስ ትምህርት ሸለመችው። "ምን እንደሆነ አንብበህ ድረስበት" አለችው። አነበበ። መጽሐፉ በመጀመሪያው ገጽ "ምንም ነገር ያለ ማስረጃ አትቀበል" ይላል፤ በመጨረሻው ገጽ ደግሞ የመልመጃዎቹ መልስ ተደርድሯል፤ የአንደኛው ሐ፣ የሁለተኛው ለ እያለ። ለምን ሐ እንደሆነ መጽሐፉም አያውቅም።

ይሁን እንጂ ትምህርቱን ወደደው፤ ይህ የራሱ ጥፋት ነው። ተማሪ አፉን በከፈተ ቁጥር "ማስረጃህ ምንድን ነው?"፣ "ማስረጃሽስ?" ማለት ልማድ ሆነበት። እቤትም አንድ ቀን ሞክሮት ነበር። አማቱ ማስረጃውን ካሳዩት በኋላ ግን ሁለተኛ አልደገመውም።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ ቋሚ መደብ ተገኘ። መደቡ የሚሰጠው ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ፣ ሲያስተምር አይቶት፣ በቂ ነጥብ ከሰጠው ነው። ርዕሰ መምህሯ የነጥብ መስጫውን ቅጽ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ፣ ቀድማ አሳየችው። ቅጹ ላይ "ጥያቄ የጠየቁ ተማሪዎች ብዛት" የሚል ሳጥን አለ፤ ከሥሩ ደግሞ "የመምህሩን ሐሳብ በጨዋነት የተቃወሙ ተማሪዎች ብዛት" የሚል ሌላ ሳጥን። በሁለተኛው ላይ ዜሮ ያገኘ መምህር አለቀለት።

"አንድ ተቃዋሚ ይበቃሃል" አለችው። "ከዚያ በላይ አታብዛ፣ ሥርዓት የሌለው ክፍል ያስመስላል።"

እንግዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ አርባ ስድስት ተማሪ ማሰብን በቃሉ አጠና። መምህሩ ጥያቄዎቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ አደለ። ቁጥር አራት የደረሰው ከኋላ ለሚቀመጠው ለሎጋው ነው፤ ከጥያቄው ጎን "ጥልቅ" ተብሎ ስለተጻፈበት ሲጠይቅ አገጩን በእጁ እንዲደግፍ ታዟል። ቁጥር ሰባት ከመጠየቁ በፊት ትንሽ እንዲያመነታ ተነግሮት ነበርና በልምምዱ ላይ አመንትቶ አመንትቶ ጥያቄውን ረሳው። ቁጥር አሥራ አንድ ተቃዋሚው ነው። ቦታው የተሰጠው ለክፍሉ አለቃ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ተቃውሞ ስለማያውቅ አስተማማኝ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው አለቃውን ጆሮ ደግፍ ያዘው። ፊቱ አብጦ አፉ አልከፈት አለ። መምህሩ ክፍሉን ቢያይ ቢያይ፣ ቁጥር ያልደረሰውና ረጅም ነገር ሳይደናቀፍ መናገር የሚችል ሰው አንድ ብቻ ሆነበት፤ እሷም "ቆይ እስቲ" ናት።

ቆይ እስቲ የልጅቷ ቅጽል ስም ነው። መምህር ተናግሮ ሲጨርስ ሁሉም ወደ ደብተሩ ያቀረቅራል፣ እሷ ግን "ቆይ እስቲ" ትላለች፤ ነገሩ ሳይቋጭ ደወል ይደወላል። የሒሳብ መምህሩ እሷ ያለችበት ክፍል ከሚገባ ጥርሱን ቢነቀል ይመርጣል። ቁጥር ሳይደርሳት የቀረውም እንዲሁ ተረስታ አልነበረም። ጭንቅ ነውና መምህሩ ወረቀቱን ሰጣት።

"አልስማማም፤ ምክንያቱም ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሊሳሳት አይችልም" ይላል ወረቀቱ። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ቆይ እስቲ ቲቸር፣ ባልቃወምስ?"

"ትቃወሚያለሽ። ተመድበሻል።"

"እሺ፣ አስብበታለሁ" አለች። መምህሩ የሰማው እሺ የሚለውን ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ፣ ከርዕሰ መምህሯ ጎን ተቀመጠ። የተቀመጠባት ወንበር ለተማሪ የተሠራች ስለሆነች ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ቅጹን እዚያው ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ርዕስ ተጽፏል፤ "ብዙ ሰው ያመነበት ነገር እውነት ነው ወይ?" መምህሩ አይደለም ብሎ አስረዳ። ብዙ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ማለቱ መደጋገሙን እንጂ እውነት መሆኑን አያሳይም አለ። ደህና አድርጎ ነው ያስረዳው፤ የሚያምንበት ነገር ስለነበር ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ጥያቄዎቹ በተራ መጡ። ሎጋው አገጩን ደግፎ "እውነትን የምንለይበት መንገድ ራሱ ብዙ ሰው የተስማማበት ከሆነስ?" ሲል ሱፐርቫይዘሩ "ግሩም" ብሎ ጻፈ። ቁጥር ሰባት አመነታ፤ ደግነቱ ጥያቄውን አልረሳም። ርዕሰ መምህሯ ከኋላ ሆና አንገቷን ነቀነቀችለት። ተራው አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ቆይ እስቲ ተነሣች።

"ቲቸር፣ እኔ እስማማለሁ።"

"አትቸኩዪ" አላት መምህሩ። "ተረጋግተሽ አስቢበት።"

"አራት ቀን አሰብኩበት። ልቃወም ብዙ ሞከርኩ፤ የተሰጠኝ ምክንያት ግን አልቆም አለኝ። እርስዎ ያሉት ነው ልክ። ማስረጃም አለኝ።" መምህሩ ማስረጃ የሚለውን ቃል ያስተማረበትን ቀን ረገመ። "እኛ አርባ ስድስት ነን፤ አለቃችን ታሞ አርባ አምስት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥያቄ ስንጠይቅ ነበር። ግን አንዳችንም የጠየቅነው ነገር የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ስላደረገው እውነት አይሆንም ማለት ነው። ጨረስኩ።"

ተቀመጠች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ግን አፏ አላመለጣትም፣ አስባበት ነው።

"ይቺ ልጅ" አለች ርዕሰ መምህሯ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "ሰሞኑን አሟታል። ሰፈሩን ጆሮ ደግፍ ገብቶበታል።"

ሱፐርቫይዘሩ መምህሩን ቀና ብሎ አየው። "እውነት ነው? አሟታል?"

የምትፈለገው "አዎ" የምትል አንዲት ቃል ነበረች። እሷም ብትቀር ዝም ማለት ይበቃ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። መምህሩ አማቱን አሰበ፤ በየዓመቱ መጨረሻ ውሉ ይታደስ እንደሆነ ለመስማት ደጅ የጠናበትን ኮሪደር አሰበ። ፈርቷል። ከዚያ ልጅቷን አያት። አድነኝ የምትል አትመስልም። የምትጠብቀው ምን ማስረጃ እንደሚያቀርብ ነበር።

"ጤነኛ ናት" አለ። "ቁጥር አሥራ አንድ ናት። እንድትቃወም የመደብኳት እኔ ነኝ። ቅድም ግሩም ያሉት ደግሞ ቁጥር አራት ነው።"

"እኔን ለምን ይጨምሩኛል?" አለ ሎጋው።

ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ገለበጠው። "ተቃውማለች ልበል?" አለ ለራሱ ያህል። "ግን እኮ ከእርስዎ ጋር ተስማምታለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን የለኝም።" ዜሮ ጻፈ። ሊነሣ ሲል ወንበሯ አብራው ተነሣች፤ በሌላ ቀን ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ርዕሰ መምህሯ ልትሸኘው ስትወጣ መምህሩ ዘንድ ቆም ብላ "በወሩ መጨረሻ ዕቃህን ትሰበስባለህ" አለችው ቀስ ብላ።

በሩ ተዘጋ። ደወሉ ሊደወል ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ለነዚህ ሃያ ደቂቃዎች ማንም ምንም አላጠናም።

"ቲቸር" አለች ቆይ እስቲ። አሁን ድምጿ ሰልሏል። "ሥራዎን ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ?"

አይደለሽም የኔ ልጅ ሊላት አፉን ከፈተ። ያም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ የተሰጠው ነገር መስሎ ተሰማውና ተወው። "በከፊል" አላት። "አልዋሽሽም። ዛሬ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብትዪ ኖሮ ቋሚ ነበርኩ። የቀረው የኔ ነው።" የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። መምህሩ አዘነላት፤ ለራሱም አዘነ፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላጣራም።

"አይደለም" አለ ሎጋው ከኋላ።

እጁንም አላወጣ፣ አገጩንም አልደገፈ። ተናዶ ፊቱ ጠቁሯል። "በከፊል የሚባል ነገር የለም። እሷ ምንም አላጠፋችም።"

"ማስረጃህ ምንድን ነው?" አለ መምህሩ፣ ልማድ ሆኖበት።

"ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ራሳችን መጠየቅ አንችልም ብለው ነው የጻፉልን። አንድ ቀን እንኳ 'ምን መጠየቅ ትፈልጋላችሁ?' ብለውን አያውቁም። እኔ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። ቁጥር አራትን ሳጠና ጠፋብኝ።"

ክፍሉ በሙሉ ወደ መምህሩ ዞረ። ልጁ ልክ ነበር፤ ከዜሮውም፣ ከወሩ መጨረሻም ይልቅ ይህ አንገበገበው። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በዴስኮቹ መካከል ወደ ኋላ ሄደና ሎጋው አጠገብ ቆመ።

"ምን ነበር ጥያቄህ?" አለው።

"ጠፋብኝ አልኩዎት እኮ" አለ ልጁ።