የስንዱ ሽሪምፕ

፩

መርፌው ወደቀ።

አነሣችው።

ወደቀ።

፪

ስንዱ ጎንደር ላይ ሠላሳ ዓመት ጥልፍ ጠልፋ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ኖርዌይ፣ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ወደምትኖረው ልጇ ወደ ሐመልማል በመጣች በዓመቷ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን ደነዘዘ። ሐኪሞቹ “በሥራ ይፍታታል” አሉ። እሷ ግን ክሮቿን ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተቻቸው።

፫

(ጎረቤቱ የመጡ ዕለት የተባለው። አስተርጓሚ፦ ሐመልማል።)

ሐመልማል፦ እማዬ፣ አቶ ኡላቭ ናቸው፤ ዓሣ አጥማጁ። ጠላፊ መሆንሽን ነግሬያቸው፣ መንጠቆ ላይ በክርና በላባ የዓሣ ማታለያ ሽሪምፕ እንድትሠሪላቸው ነው የመጡት።

ስንዱ፦ ያቺን እግረ ብዙ የባሕር ትል? በስማም! እኛ አንበላትም።

ሐመልማል፦ የሚበላት ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው፣ አንቺ አይደለሽም ይሉሻል።

ስንዱ፦ እጄ ሞቷል በያቸው።

ሐመልማል፦ “የእኔም ይንቀጠቀጣል፤ ከሁለታችን አንድ ደህና እጅ አይጠፋም” አሉ።

፬ አሠራር

መንጠቆውን በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ አጥብቂ። ብርቱካንማ ክር ጠምጥሚበት። ለጢሟ ሁለት ረጃጅም ጠጉር፣ ለዓይኗ ሁለት ጥቁር ዶቃ፣ ለእግሯ የዶሮ ላባ።

ክሩ ሲፈታብሽ ድገሚ።

ድገሚ።

ስታለቅሺ አቶ ኡላቭ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ድገሚ።

፭

በሰባተኛው ሳምንት አንዲት ሽሪምፕ አለቀች። ጎባጣ ናት፤ አንድ ዓይኗ ሰማይ ሰማይ ያያል።

“ይቺ ዓሣውን ታስቅ እንደሆን እንጂ አታጠምድም” አለች ስንዱ።

ኡላቭ ግን ከክራቸው ጫፍ አሰሯት፤ በማለዳ እናትና ልጅን ይዘው ወደ ድንጋያማው ጠረፍ ወረዱ። ወረወሩ። ምንም። ደግመው ወረወሩ። ምንም። ከዚያ የማጥመጃ በትሩን ለስንዱ ሰጧትና ክሩን በደነዘዘው ጣቷ አስያዟት።

፮

“ጎተተኝ!”

፯

ዓሣው ወጣ? ወጣ፤ ጎኑ እንደ ብር የሚያበራ ትራውት። ስንዱ ግን እሱን አላየችውም። የምታየው ጣቷን ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ያልተሰማው ጣት፣ ክሩ ሲሮጥበት ተቃጥሎ ቀይ መስመር አውጥቷል። ያማል።

ሳመችው።

፰

በአገሩ ቋንቋ ለምስጋና የምታውቀው “ታክ” የምትለውን ቃል ብቻ ነው። አነሰችባት።

“እጃቸውን ይዘርጉ በያቸው፤ ልመርቃቸው ነው።”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሐመልማል መልሱን አስጠናቻቸው።

ምርቃቱን ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። አንባቢ ሆይ፣ ከወደቃችሁበት ያነሣችሁ ሰው ካለ፣ ለእሱ የምትሉትን በየባዶው ቦታ አስገቡልኝ፤ የመጨረሻው አሜን የእናንተ ነው፦

ስንዱ፦

ኡላቭ፦ አሜን።

ስንዱ፦



ኡላቭ፦ አሜን።

ስንዱ፦