ቢጫዋ ቃለ አጋኖ

መብራቷ የበራችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እማማ ከልጅ ልጃቸው ከሚጢ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መኪና በምትነዳው ልጃቸው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። ቢጫ ናት፤ አፉን የከፈተ ድስት ትመስላለች፤ ድስቱ ውስጥ ቃለ አጋኖ ቆሟል። እማማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋልና ቃለ አጋኖ ያውቃሉ። ማንም ሰው ያለ ነገር አያስቀምጠውም።

ልጃቸው የጎማ ነፋስ ጎደል ሲል የምትበራ መሆኗን ነግራቸው፣ ሲመቻት እንደምታስሞላው አክላ ዝም አለች። እማማ ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ማክሰኞ ማታ ገበታ ላይ አነሱት። ረቡዕ ሚጢ ፀጉሯን ስትበጠር አነሱት። ቅዳሜ ልጃቸው ሚጢን ይዛ የሦስት ሰዓት መንገድ ነድታ አማቶቿ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ ያቺ ቢጫ ነገር እየበራች ነው ወይ የሚኬደው?

«እማዬ» አለች ልጃቸው በመጨረሻ፣ «ቃለ አጋኖ እኮ አጋንኖ የሚናገር ማለት ነው። ያንቺ ስም ነው የበራው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚጢም ነገሩ ሳይገባት ሳቀች። እማማም አብረው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጉሮሯቸው አልወረደም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ አማቻቸው ወሬው ሰለቸው። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ጭቅጭቅ አይወድም። በነጠላ ጫማው ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ከመሪው ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ቆየ። መብራቷ ሦስቴ ብልጭ ብልጭ ብላ ጠፋች።

«ይኸው ተገላገልን፣ እማማ። ሴንሰሩ ነው ያስቸገረው» አላቸው።

እማማ እጁን መረቁለት፣ መውጫ መግቢያውን መረቁለት። ማክሰኞ ከጀመራቸው ጭንቀት ያን ዕለት አረፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸውና ሚጢ ሄዱ። አማቻቸው ተማሪዎች ሊፈትን ወጣ። እማማ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒታቸው አልቆ ነበርና ወደ ፋርማሲ ሲያዘግሙ በጎሚስታው በር አለፉ። ጎሚስታው ለሰፈሩ መኪና ሁሉ ጎማ የሚጠግን፣ ከሰው ፊት ይልቅ ጎማ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ጎማ የውኃ ገንዳ ውስጥ ዘፍቆ አረፋ እየፈለገ ነበር። ቀና ብሎ ነጯ መኪና የት እንደሄደች ጠየቃቸው። ሐሙስ ዕለት ሲያልፍ የኋላ ግራ ጎማዋ ተኝታ አይቷት፣ ሊነግራቸው እያሰበ ረስቶት ኖሯል።

«እሱማ ተስተካከለ» አሉ እማማ። «አማቼ መብራቷን በአንድ ደቂቃ አጠፋት።»

«ነፋስ ሞላበት?»

«ምን ሊሞላ፣ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ ነው» አሉት በኩራት። «ቁልፏን ብቻ ተጫናት።»

ጎሚስታው እጁን ከውኃው አወጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ አስረዳቸው። እንዲህ ያለው መኪና ጎማው ውስጥ ነፋስ የሚለካ ነገር የለውም፤ የጎማዎቹን ዙር ነው የሚቆጥረው። ነፋስ የጎደለው ጎማ ዝቅ ስለሚል ከጓደኞቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ ይሄኔ መብራቷ ትበራለች። ቁልፏ ደግሞ ነፋሱ በመለኪያ ተሞልቶ ሲያበቃ «እንግዲህ ልኩ ይሄ ነው፣ ከዚህ ሲጎድል ንገሪኝ» የሚባልባት ናት። ጎማው እንደጎደለ ከተጫኗት ጎዶሎውን ልክ አድርጋ ትይዛለች።

«እማማ፣ እሱ መኪናዋን አሳመናት እንጂ ጎማውን አልነካውም» አላቸው። «በዚህ ላይ ጭነት አላት?»

ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ፣ ሚጢ። መንገዱስ? ሰው የሚበርበት አስፋልት። ፀሐዩስ? እማማ ወደ ላይ አንጋጠው አዩ። «እንዲህ ሆኖ ሲሮጥ ይግላል፤ ሲግል ይፈነዳል» አለና ጎሚስታው እጁን በጨርቅ ጠረገ። 

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳው የለም። ደገሙ። ሰለሱ። አማቻቸው ጋ ሞከሩ፤ ፈተና ላይ ነውና ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ልጃቸው ተመለሱ። በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ደወሉላት። ባለፈው መንገድ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለውላት ነበር፦ ሚጢ ሹራቧን ለብሳለች ወይ፣ መስኮቱ ተዘግቷል ወይ፣ ወይኑን ፍሬው ሳይወጣ እንዳትሰጫት። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሌላ መሆኑን በምን ትወቀው?

«በኔ ልሞክርልዎት» አለ ጎሚስታው።

ልጃቸው አዋላጅ ናት። ምጥ የያዛት ሴት በማን ስልክ እንደምታስደውል ስለማይታወቅ የማታውቀውን ቁጥር ሳታነሳ አታልፍም። ሁለቴ እንደጠራ በመኪናዋ ድምፅ ማጉያ አነሳችው። ጎሚስታው እማማም እንዲሰሙ የራሱንም ስልክ በድምፅ ማጉያ አድርጎ፣ ማን እንደሆነ ተናግሮ ወደ ጎማው ነገር ሲገባ አቋረጠችው።

«እማዬ ናት አይደል ያስደወለችህ?»

እማማ እጃቸውን አራገቡበት፤ የለችም በላት ማለታቸው ነው። የሳቸው መሆኑን ካወቀች አትቆምም።

ጎሚስታው አያቸውና «አዎ፣ አጠገቤ ናቸው» አለ። «ጎማሽን ያየሁት ግን እኔ ነኝ፣ እኅቴ። የኋላ ግራው።»

«መብራቱ እኮ ጠፍቷል።»

«የጠፋው ጎማው ደህና ሆኖ አይደለም። አሁን ፍሬን ሳትረግጪ እግርሽን ከነዳጁ ብቻ አንሺና ፍጥነትሽ ሲቀንስ ዳር ያዢ።»

የፍሬቻው ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እማማ የተቆለሉ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጡ። በስልኩ ውስጥ የመኪናዋ በር ሲከፈት ተሰማ። ከሩቅ የሚጢ ድምፅ ምንድን ነው የሚሸተው እያለ ይጠይቃል። ልጃቸው ተመልሳ ስልኩን ስታነሳ ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ነበር። ጎማው ግሎ እጅ አያስቀምጥም፤ ጎኑ ዙሪያውን ተልጦ ክሩ ወጥቷል። ጎሚስታው ሃያ ደቂቃ እንኳ እንደማይቆይላት ነገራት። ትርፍ ጎማው፣ ስኮርታው፣ ከሻንጣዎቹ ሥር መሆኑን፣ መኪናዋን በክሪክ ከማንሳቷ በፊት ብሎኖቹን እንድታላላ፣ የእጅ ፍሬኑን እንድትይዝ አንድ በአንድ ነገራትና ስልኩን ለእማማ ዘረጋላቸው።

«እማዬ፣ ደውለሽልኝ ነበር?»

«ሰባት ጊዜ።»

አንድ ከባድ መኪና በልጃቸው አጠገብ ሲያልፍ እዚህ ድረስ ጆሯቸውን አንቀጠቀጠው።

«ያንቺን ቁጥር ድምፁን አጥፍቼው ነበር» አለች። «ካለፈው መንገድ ወዲህ።»

ካለፈው መንገድ ወዲህ አምስት ወር ነው። በአምስት ወር ውስጥ «ሥራ በዝቶብኝ አላየሁትም» ያለቻቸውን ሁሉ አምነዋት፣ እንዲያውም አዝነውላት ነበር። ይሄ ሁሉ ደረታቸው ላይ መጣ። ከአፋቸው የወጣው ግን «ሚጢን ከአስፋልቱ አርቂያት» የሚለው ነው።

ስትጨርስ በዚሁ በጎሚስታው ስልክ እንደምትደውል ነግራቸው ዘጋች።

ጎሚስታው ወደ ገንዳው ተመለሰ። ጎማ መቀየር ለለመደ ሰው ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ላልለመደ ግማሽ ሰዓት እንደሚሄድ ነገራቸው። እማማ የራሳቸውን ስልክ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ፀሐዩ የሚጢን አናት እየመታት ይሆናል። ክሪኩ ቢንሸራተትስ? መንገዱ ቁልቁለት ከሆነስ? ጣታቸው የልጃቸው ቁጥር ላይ ሄዶ ቆመ። አሁን ቢደውሉ ይጠራ ይሆን? ድምፁን መልሳው ይሆን? አንዴ መንካት ነው፣ ይታወቃል። ጣታቸውን አነሱ።

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ጎሚስታው አረፋውን አግኝቶ ቀዳዳው ላይ በጠመኔ ከበበበት፤ እማማንም ገልመጥ አድርጎ አያቸው።

«ይደውሉላት እንጂ፣ እማማ።»

«እሷ ትደውል» አሉት፤ ዓይናቸውን ግን ጉልበታቸው ላይ ካለው ስልክ አልነቀሉም።