በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን

ፋርሂያ የክትባት ባለሙያ ናት። በየሁለት ወሩ ከድሬዳዋ ትወጣና ከጀልዴሳ ወዲያ ባሉ መንደሮች አራት አምስት ቀን ትሰነብታለች። እዚያ ምግብ ቤት ስለሌለ በቤንዚን የሚሠራ፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ምድጃ ይዛ ነው የምትሄደው። ባለፈው ሰኔ ልትነሳ ስትል ግን የነዳጅ መያዣው ክዳን ጎማ ተሰነጣጥቆ አገኘችው።

በጠዋት ታይዋን ገበያ ሄደች። ሹክሪ የሚባል ዕቃ ሻጭ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ቤንዚን በላስቲክ አይያዝም፣ እህቴ። ሙቀት ሲያገኘው ይነፋል። ወፍራም ብረት፣ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ፣ ጎማው ደህና የሆነ ነው የሚያስፈልግሽ። መጋዘን አለኝ፤ አንድ ሰዓት ታገሺኝና ላምጣልሽ።"

"አንድ ሰዓት? መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል አቦ!"

"እንግዲያው ነገ ሂጂ።"

"እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ነው የሚጠብቁኝ" አለችና ወጣች።

ቤቷ ተመልሳ ከወንድሟ ባጃጅ በቱቦ ቀዳች። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ ሞላች። በፌስታል ጠቅልላ ከልብሷ መሃል ቀበረችው። ሾፌሮች ከሰው ጋር ቤንዚን እንደማይጭኑ ታውቃለች፤ ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ ሾፌሩ ሲያድ ራሱ እየወረደ ከውጭ ነበር የሚከፍተው። ፋርሂያ የክትባቱን ሳጥን ጭኗ ላይ፣ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ዱኒያ የምትባል ሴት ሕፃኗን ታጠባለች። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

ከከተማ እንደወጡ ጣሪያው እንደ ምጣድ ጋለ። ሽታው ያኔ መጣ። መጀመሪያ 'የመኪናው ነው' ብላ ራሷን አታለለች። ቀጥሎ የግራ እግሯ ቀዘቀዘ። ዝቅ ብላ ስትዳስሰው ጫማዋ ርሷል።

'ብናገር መሃል መንገድ ያወርዱኛል። ትንሽ ነው፣ ይደርቃል። ጀልዴሳም ቅርብ ነው።' በሩን አየች። ሕፃኑን አየች። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደቆየች እስከ ዛሬ አታውቅም።

"ምን ይሸተኛል?" አለች ዱኒያ። ፋርሂያ ቦርሳውን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋችው።

ያኔ ሽማግሌው ሲጋራ ከንፈራቸው ላይ ሰክተው ክብሪት አወጡ። እንጨቷን ከሳጥኑ ጎን ሲያስጠጓት ፋርሂያ ሳጥኑን ወደ ጎን ገፍታ በወንበሩ ላይ ተወርውራ እጃቸውን ከነክብሪቱ ጨበጠችው።

"አደር፣ አጎቴ፣ እንዳትጭሩት! ቤንዚን ነው! የኔ ነው፣ ፈሷል!"

መኪናው በጩኸት ተናጋ። ሲያድ ፍሬኑን ረግጦ ሞተሩን አጠፋና ዘሎ ወረደ። በሩን ሲስብ ግን እምቢ አለው፤ ሰዉ ሁሉ ከውስጥ ተደግፎት ነበር።

"ዋርያ፣ ወደ ኋላ በሉ! እንዲህ ከገፋችሁት አይከፈትም!"

የሰማው የለም። "ያ ረቢ! ልጄን!" እያለች ዱኒያ ሕፃኑን በመስኮት አወጣች። ሲያድ ተቀብሎ አሸዋው ላይ አስተኛው፤ ተመልሶ በሩን በሁለት እጁ ነቀነቀው። ፋርሂያ እሳቱን ትጠብቅ ነበር። ከየት እንደሚነሳ አታውቅም፤ ከእግሯ እንደሚጀምር ግን እርግጠኛ ነበረች። የቀሚሷም ጫፍ ርሶ ከእግሯ ተጣብቋል።

በሩ በድንገት ተንሸራተተ። ሰዉ ተረጋግጦ ወጣ። እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። ቦርሳውን ታቅፋ ወርዳ ከመንገዱ ራቅ ወዳለ አሸዋ ወሰደችው። ሃይላንዱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። በእጇ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው።

ስትመለስ ዱኒያ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች።

"ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

ዱኒያ ፊቷን አዞረች።

ሲያድ የመኪናውን ወለል በአሸዋ አልብሶ ጠረገው። በሩንም መስኮቱንም ከፍቶ ብዙ አናፈሰው። ከዚያ ወደ ፋርሂያ ሳያይ፣ "በዚያ ልብስ መኪናዬ ውስጥ አትገቢም" አለ።

"እውነትህን ነው። ግን ሳጥኑን አድርስልኝ፤ ክትባቱ ሳይሞቅ ጤና ኬላ ስጥልኝ" ብላ ለመነችው። የቦርሳዋ ልብስ ሁሉ ቤንዚን ጠጥቶ ስለነበር የምትቀይረው አልነበራትም።

ዱኒያ ከጓዟ አንድ ድሪያ ቀሚስ መዝዛ መሬት ላይ ወረወረችላት። ፋርሂያ ከግራር ኋላ ሄዳ ለበሰችው፤ የራሷን ልብስና ጫማ ከነቦርሳው እዚያው ትታ ተሳፈረች። እስኪደርሱ ድረስ ያነጋገራት አልነበረም።

ጀልዴሳ ሲገቡ የጤና ኬላው ዘበኛ በሦስት ድንጋይ መሃል እንጨት አቀጣጥሎ ሻይ ጥዷል። "ነይ ወዲህ፣ ደክሞሻል፣ ጠጪ" አላት። ፋርሂያ እጇን አሸተተች። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። እሳቱ ጠፍቶ አመዱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን ወደዚያ አልቀረበችም።