ሻይ የማፍላት ፈተና

ሐሙስ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በያጁ ማንቆርቆሪያውን ከመደርደሪያው አወረደ። ሚስቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ስባ፣ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ እንደተነጋገርነው አንድም ቃል አይተንፍሱ» አለቻት ከምድጃው ጎን የቆመችው የባሏ አሰልጣኝ። «በዓይንዎም አያመልክቱ።»

«ኧረ ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ሰጥታኝም ታዘኛለች!» አለ በያጁ።

ፈተናው ሻይ ማፍላት ነው፤ ብቻውን፣ ማንም ሳያግዘው። ሲያወሩት ቀላል ነው። የፓርኪንሰን ሕመም ግን እጁን ከማንቀጥቀጥ አልፎ ሐሳቡን በታትኖበት ነበር። የጀመረውን መጨረስ፣ ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ተራራ ይሆንበታል። ክረምቱን ሙሉ አሰልጣኟ እየተመላለሰች አእምሮውን አሠራችው። ወራትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስቆጠረችው፤ የተቀላቀለ ብሎን በመጠን በመጠኑ አስለየችው። ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ አስጠናችው፦ ነገሩ ሲጠፋብህ ቁም፣ የከፈትከውን ዝጋ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር።

የሚስቱ ፈቃድ አልቋል፤ ሰኞ ወደ ስፌት ፋብሪካው ትመለሳለች። ዛሬ ፈተናውን ካለፈ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ይውላል። ከወደቀ ታላቅ ወንድሙ ይወስደዋል፤ ክፍሉን እንኳ አስጠርጎ ጨርሷል። «እዚያማ እንደ አበባ ጥግ አስይዘው ውኃ ሊያጠጡኝ ነው» ይል ነበር በያጁ። እየሳቀ ይበለው እንጂ ሰሞኑን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ውኃ ቀዳ። ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ጋዙን ከፈተና ክብሪት አወጣ።

ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች። መቅደም የነበረበት ክብሪቱ ነው።

የመጀመሪያው እንጨት እጁ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ። በያጁ ስባሪውን እያየ ቆመ። ጋዙ እሽሽሽ ይላል። ሽታው በርጩማዋ ድረስ መጣ።

ዕድሜ ልኳን እሱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ የኖረች ሴት ናት። አልቻለችም።

«ጋዙን ዝጋው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

እጁ ወደ ምድጃው መክፈቻ መሄድ ጀምሮ ነበር። ጩኸቷን ሲሰማ አየር ላይ ቀረ። ዞሮ አያትና እግሩም፣ እጁም፣ ፊቱም ደረቀ። አንድ ነገር በመከራ የያዘ ሰው ላይ ሁለተኛ ነገር እንደ ድንጋይ ወርውራበታለች።

ጋዙ እሽሽሽ ይላል።

ተነሥታ ልትዘጋው ትችላለች፤ ሁለት እርምጃ ነው። ከዘጋችው ግን በገዛ እጇ ለወንድምየው አስረከበችው ማለት ነው። ጉልበቷ ሊነሣ ሲል ያዘችው። አፏን በመዳፏ አፈነች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ቀጭ አለ።

ዓይኗን ስትገልጥ ጋዙ ተዘግቷል። በያጁ እግሩን እየጎተተ ሄዶ መስኮቱን ከፈተ። ሽታው እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀ። ተመልሶ ሦስተኛውን እንጨት ጫረ፤ እሳቱ መያዙን አይቶ ጋዙን ከፈተ።

አሰልጣኟ እጇን ከጋዝ ሲሊንደሩ መዝጊያ ላይ ያነሣችው ያን ጊዜ ነው። ሚስትየዋ በጭንቀቷ እስካሁን አላስተዋለቻትም ነበር።

ሻዩ ፈልቶ ሲቀዳ «ጋሼ አልፈዋል» አለች አሰልጣኟ። «ክብሪት ግን ከእንግዲህ ይቅር፤ ራሱ የሚለኩስ ምድጃ ይግዙ። እርስዎ ደግሞ ወድቀዋል፣ እትዬ።»

«እሷን ለማሠልጠን አንድ ክረምት አይበቃሽም» አለ በያጁ። ስኳሩን አነሣና ወደ ሚስቱ ዞረ። «ስንት...»

ቃሉ ጠፋበት። ሚስቱ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ጠበቀች።

«...ስንት ማንኪያ ላድርግልሽ?» አለ።

ሰኞ ወደ ፋብሪካዋ ሄደች። በያጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ እየዋለ ሻዩን ራሱ አፈላ፤ በሦስተኛው ዓመት በሳንባ ምች ሞተ፣ በገዛ አልጋው ላይ። ወንድሙ ያስጠረገውን ክፍል ለተማሪ አከራየው።